የማታ ተረኛው ቦብ ማርሊ፦ አንድ ባንድ የራሱ ጌታ ለመሆን የከፈለው ዋጋ

ስለ ቦብ ማርሊ ያልተባለ ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። መልኩ ከካናቴራ እስከ ቡና ኩባያ ታትሟል፤ ድምፁን ከኪንግስተን እስከ ሻሸመኔ፣ ከዱባይ እስከ ዋሽንግተን የማያውቀው የለም። በእኛም ድግስ ቢሆን ከጉራጊኛው ቀጥሎ ሬጌው ሲገባ ከወንበሩ የማይነሳ ጥቂት ነው። ስለ ጸጉሩ፣ ስለሚያጨሰው ቅጠል፣ በጃንሆይ ላይ ስለነበረው እምነት ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። እኔ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት አብዛኛውን ጊዜ በጨረፍታ የሚታለፈውን የሕይወቱን ክፍል ነው፤ የእንጀራውን ጉዳይ። ቦብ ማርሊ እንደ ብዙዎቻችን አሜሪካ ገብቶ፣ በፋብሪካ የማታ ፈረቃ የሠራ ስደተኛ ነበር። ዌይለርስ የተባለው ባንዱ ከአሳታሚዎች እጅ ወጥቶ በራሱ ለመቆም ሲነሳ መነሻው የዚያ ሥራ ደሞዝ ነው። ይህን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ብንከተለው፣ የራስ ጌታ መሆን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳየናል ብዬ አምናለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ኔስታ ማርሊ የተወለደው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 ሴንት አን በሚባለው የጃማይካ አውራጃ፣ ናይን ማይል በምትባል ተራራማ የገጠር መንደር ነው። እናቱ ሴዴላ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቱ ኖርቫል ማርሊ ደግሞ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ነጭ ጃማይካዊ ነበር። ሰውዬው ቢያገባትም አብሯት አልኖረም፤ ልጁንም በቅጡ ሳያውቀው በ1955 ሞተ። ሮበርት በአያቱ እርሻ ላይ ፍየል እየጠበቀ አደገ። ኋላ ባኒ ዌይለር ተብሎ የታወቀውን ኔቪል ሊቪንግስተንን ያገኘውም እዚያው ገጠር፣ ሁለቱም ልጆች ሳሉ ነው።

በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ እናቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ኪንግስተን ስትወርድ ልጇን ይዛ ትሬንች ታውን ገባች። ሠፈሩን እኛ አናጣውም፤ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ወጥ ቤት በጋራ። ሮበርት ትምህርቱን አቋርጦ ብየዳ መማር ጀመረ። አንድ ቀን የብረት ፍንጣሪ ዓይኑ ውስጥ ገባና ከብዙ ሥቃይ በኋላ ወጣለት፤ ከዚያ ወዲህ ልቡ ወደ ዘፈን ብቻ ሆነ። በሠፈሩ ጆ ሂግስ የተባለ ዘፋኝ ነበር። ይህ ሰው በግቢው ውስጥ ወጣቶችን ሰብስቦ ድምፅ አዋሕዶ መዝፈንን ያስተምር ነበር። ሮበርትና ባኒ፣ ከእነሱም ጋር ጊታር የያዘው ረጅሙ ፒተር ቶሽ፣ የሂግስ ተማሪዎች ነበሩ። ሂግስ ቀልድ አያውቅም፤ ሦስቱ ልጆች እንደ አንድ ጉሮሮ እስኪሆኑ ድረስ አልለቀቃቸውም።

ጃማይካ ነፃ በወጣችበት በ1962 ሮበርት ለብቻው የመጀመሪያ ሸክላዎቹን አስቀረጸ፤ የሰማቸው ግን የለም። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ተመሠረተ። ከሦስቱ ሌላ ጁኒየር ብሬይዝዌይት፣ ቤቨርሊ ኬልሶና ቼሪ ስሚዝ ነበሩበት። ስቱዲዮ ዋን የተባለው ድርጅት ባለቤት ክሌመንት ኮክሰን ዶድ ተቀበላቸው፤ የሠፈሩን ጎረምሶች ረጋ በሉ የሚለው ሲመር ዳውን የተባለው ዘፈናቸው በ1964 መጀመሪያ ላይ የደሴቲቱ አንደኛ ሆነ።

እዚህ ላይ የጊዜውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ስቱዲዮውም፣ የሸክላ ማሳተሚያውም፣ በየአደባባዩ የሚያስጨፍረው ግዙፍ የድምፅ መሣሪያም የአንድ ሰው ነው። ዘፋኙ ይመጣል፣ ይዘፍናል፣ የተወሰነ ብር ይቀበላል፣ ይሄዳል። ሸክላው ስንት እንደተሸጠ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም የሚያሳየው የለም። ዌይለርሶች ለዶድ ብዙ ዘፈን ቀረጹ፤ በራዲዮ ስማቸው በየቀኑ ይጠራል፣ እነሱ ግን የሚኖሩት በጥቂት ፓውንድ የሳምንት አበል ነበር። ቦብ ለተወሰነ ጊዜ ያደረው እንኳ ዶድ በሰጠው ከስቱዲዮው ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ስም ከነዝናው የእነሱ፣ ቤትና ሳንቲም የሌላ ሰው። ጁኒየር በ1964 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ሁለቱ ሴቶችም ቆይተው ተለዩ። ሦስቱ ልጆች ብቻ ቀሩ።

የቦብ እናት በዚህ ጊዜ አሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት፣ ዊልሚንግተን ከተማ ነበረች። ከዋሽንግተን ወደ ኒው ዮርክ በመኪና የተጓዘ አበሻ ሁሉ ዴላዌርን ያውቃታል፤ የመንገድ ቀረጥ ከፍሎ፣ ቡና ገዝቶ፣ በግማሽ ሰዓት የሚያልፋት ግዛት ናት። እኔም ስንት ጊዜ እንዳለፍኳት አላውቅም። ቦብ በፌብሩዋሪ 1966 ሪታ አንደርሰንን አገባና ወዲያው፣ ሙሽራይቱን ጥሎ፣ እዚህች ከተማ ገባ። አላማው አንድ ነበር፦ ሠርቶ፣ ገንዘብ ቋጥሮ፣ ተመልሶ የራሱን ሙዚቃ ቤት መክፈት።

በአገሩ ራዲዮ አንደኛ የወጣው ዘፋኝ ዊልሚንግተን ሲደርስ ማንም አላወቀውም። እኛ ይህን ነገር በደንብ እናውቀዋለን፤ ዳኛ የነበረው የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ፣ መምህር የነበረው ታክሲ ሲነዳ አይተናል። ቦብም ያገኘውን ሠራ። ዱፖንት በተባለው የኬሚካል ኩባንያ ሥራ ያዘ። በአሜሪካ ቆይታው፣ በዚያም ጊዜ ሆነ ኋላ ሲመለስ፣ ኒውዋርክ በምትባለው የዴላዌር ከተማ በነበረው የክራይስለር መኪና ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ገብቶ በፎርክሊፍት ዕቃ ያጓጉዝ ነበር። ስለዚያ ሌሊት ሥራ የሠራው ዘፈን በ1976 ባወጣው አልበም ውስጥ ይገኛል፤ ስሙም ናይት ሺፍት ነው።

ያች ዓመት ግን ሌላም ነገር አስመለጠችው። ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን ጎበኙ። ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ የአውሮፕላኑን ማረፊያ አጥለቀለቀው፤ ጃንሆይም በመጨናነቁ ብዛት ለተወሰነ ጊዜ ከአውሮፕላኑ መውረድ አልቻሉም ነበር። ሪታ በመንገድ ዳር ቆማ አየቻቸው፤ በተነሳው መዳፋቸው ላይ የችንካር ምልክት እንዳየችም ኋላ ተናግራለች። ባሏ ግን የለም፤ ዴላዌር ሥራ ላይ ነው። በስደት ሥራ ምክንያት የወንድሙ ሠርግ ወይም የእናቱ ቀብር ያመለጠው ወገኔ፣ ይህ እንዴት እንደሚሰማ አይጠፋውም። ጃማይካውያን ዕድሜ ልካቸውን ያወሩለት ቀን፣ ለእሱ ሰው የነገረው ታሪክ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በኦክቶበር 1966 የቋጠረውን ይዞ ተመለሰ። ሦስቱ ጓደኞች ከዶድ ተለያይተው ዌይል ኤን ሶልም የተባለውን የራሳቸውን ሙዚቃ ቤት አቋቋሙ፤ ስሙ ከዌይለርስና ሪታ ከምትዘፍንበት ሶሌትስ ከሚባለው ቡድን ተዋሕዶ የተሠራ ነው። መደብራቸው ሪታ በምትኖርበት በአክስቷ ቤት የነበረች ትንሽ ሱቅ ናት። ሪታ በመስኮት ትሸጣለች፤ ሸክላዎቹ ተጭነው በብስክሌት ወደየሱቁ ይዞራሉ። ቤንድ ዳውን ሎው የተባለው የመጀመሪያ ዘፈናቸው በደንብ ተሸጠ።

ግን አንድ ዘፈን ሙዚቃ ቤት አያቆምም። ለስቱዲዮ ሰዓት ይከፈላል፣ ለአጃቢዎቹ ይከፈላል፣ ሸክላውን ለሚያትመው ፋብሪካ ይከፈላል፤ ራዲዮኖቹ ደግሞ ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ጋር የቆዩ ወዳጆች ናቸው። በ1967 ባኒ ከካናቢስ ጋር በተያያዘ ክስ ታስሮ ከአንድ ዓመት በላይ እሥር ቤት ቆየ። ቦብና ሪታ ኪንግስተንን ትተው ናይን ማይል ወጡና አያቱ መሬት ላይ ማረስ ያዙ። ድርጅቱ ብዙ ሳይቆይ ከሰመ። በ1968 ቦብ ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ጆኒ ናሽና ከአጋሩ ዳኒ ሲምስ ጋር የግጥምና ዜማ ውል ፈረመ፤ የዚህ ውል ጣጣ ምን እንዳመጣ ወደፊት እናያለን። በ1969 ኪሱ ባዶ ሲሆን እንደገና ዴላዌር ተመልሶ ፋብሪካ ገባ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው በ1969 አዲስ አበባ ላይም አንድ ወጣት ተመሳሳይ ነገር ሲያደርግ ነበር። በአገራችን ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ ይህን እያወቀ ዓለማየሁ እሸቴን አስዘፍኖ፣ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ፤ ከዚያ እሱም ተሰደደና ዋሽንግተን ላይ ምግብ ቤት ከፈተ። በ2021 እስካረፈበት ቀን ድረስ እነዚያ ሸክላዎች ዓለምን ሲዞሩ ለማየት በቅቷል። ኪንግስተንና አዲስ አበባ አይተዋወቁም ነበር፤ ጥያቄው ግን አንድ ነበር፦ የዘፈኑ ባለቤት ማን ነው?

ወደ ዌይለርስ እንመለስ። በ1970 ለሁለተኛ ጊዜ የራሳቸውን ሙዚቃ ቤት ከፈቱ፤ ስሙም ታፍ ጎንግ ነው። በዚሁ ጊዜ ሊ ፔሪ ከተባለው ስመ ጥር ቀራጭ ጋር ሠሩ። ከእሱ አጃቢ ባንድም ሁለት ወንድማማቾች፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ አስተን ባሬትና ከበሮ መቺው ካርልተን ባሬት፣ ወደ ዌይለርስ ገቡ። ዛሬ በመላው ዓለም የዌይለርስ ድምፅ ብለን የምናውቀው ያ ከባድ ቤዝና ያ እየዘገየ የሚመታ ከበሮ የእነሱ ነው። ሥራው ግሩም ነበር፤ ሒሳቡ ግን እንደገና ተበላሸ። ቅጂዎቹ እንግሊዝ አገር ተሸጡ፣ ዌይለርሶች ድርሻችን የት ገባ ብለው ተጣሉ። በ1971 ግን ትሬንች ታውን ሮክን በራሳቸው በታፍ ጎንግ አውጥተው ጃማይካ ውስጥ አንደኛ ሆኑ።

በ1972 ባንዱ ሎንዶን ላይ ሥራ አጥቶና ገንዘብ አልቆበት ቆሞ ነበር። በዚህ ጊዜ የአይላንድ ሪከርድስ ባለቤት ክሪስ ብላክዌል ቢሮ ሄዱ። ብላክዌል 4,000 ፓውንድ ሰጣቸውና ጃማይካ ሄደው አንድ ሙሉ አልበም ቀርጸው እንዲመጡ ላካቸው። ብዙዎች ገንዘቡን በላህ ብለው ሳቁበት። እነሱ ግን ካች ኤ ፋየርን ይዘው መጡ፤ በ1973 ወጣ። ብላክዌል ሎንዶን ላይ የሮክ ጊታርና ኪቦርድ አስጨመረበት፤ ሬጌ የነጠላ ዘፈን ሙዚቃ ብቻ መባሉም በዚህ አበቃ። በስምምነቱ መሠረት ጃማይካ ውስጥ ሸክላዎቻቸውን ራሳቸው በታፍ ጎንግ ያወጡ ነበር፤ በአገራቸው ገበያ የራሳቸው ጌታ መሆን ቻሉ።

ዋጋው ግን ጓደኝነቱ ሆነ። ባኒ የእንግሊዝን ብርድና የማያልቀውን የአውቶቡስ ጉዞ ጠላ፤ ከ1973ቱ ጉዞ በኋላ ውጭ አገር አልወጣም አለ። ለአሜሪካው ጉዞ በእሱ ቦታ የተተካው የድሮ መምህራቸው ጆ ሂግስ ነበር። ፒተርም በሚቀጥለው ዓመት ወጣ፤ ሦስት እኩል የነበሩ ጓደኞች አንዱ ፊት ሌሎቹ ኋላ ሲደረጉ አላስቻለውም። ከ1974 በኋላ የባንዱ ስም ቦብ ማርሊና ዌይለርስ ሆነ፤ የሁለቱን ድምፅ ሪታ፣ ጁዲ ሞዋትና ማርሻ ግሪፊትስ ተተኩት። የሚገርመው ሁለቱም ሲለዩ የየራሳቸውን ሙዚቃ ቤት ከፈቱ፤ የባኒ ሶሎሞኒክ፣ የፒተር ኢንቴል ዲፕሎ ሂም ይባላል። የመጀመሪያው ከሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት፣ የሁለተኛው መጨረሻ ደግሞ ከግርማዊነታቸው ማዕረግ የተወሰደ ነው። በንግዱ ተለያዩ እንጂ ዓይናቸው ወደ አንድ አገር እንደተተከለ ቀረ።

አሁን ያንን የ1968 ውል እናንሳ። በውሉ ምክንያት ቦብ በስሙ ከሚያስመዘግበው ዘፈን የሚገኘው የድርሰት ገቢ ወደ ዳኒ ሲምስ ድርጅት ይሄድ ነበር። ስለዚህ በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጡ በርካታ ዘፈኖች በሌሎች ሰዎች ስም ተመዘገቡ። ኖ ውማን ኖ ክራይ የተመዘገበው በቪንሰንት ፎርድ ስም ነው፤ ፎርድ በትሬንች ታውን ግቢ ለተራቡ ልጆች ምግብ ይሠራ የነበረ፣ ቦብንም በድህነቱ ዘመን ያበላ ወዳጁ ነው። ጃንሆይ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር የተወሰደው ዋር ደግሞ በካርልተን ባሬትና በአለን ኮል ስም ተመዘገበ። በእነዚህ ዘፈኖች ላይ የተነሳው ክርክር እስከ 2014 ድረስ ዘልቆ የሎንዶን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ብይን ሰጥቶበታል። የራሱን ዘፈን ለማዳን ስሙን መሰረዝ፤ ይህን የመሰለ ነፃነት ምን ይሉታል?

የቀረው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ዲሴምበር 3 ቀን 1976፣ የጃማይካ ሁለት ፓርቲዎች በጥይት በሚፈላለጉበት ሰሞን፣ ታጣቂዎች ቤቱ ገብተው ተኮሱበት፤ እሱም ሪታም ሥራ አስኪያጁም ቆሰሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ቁስሉን ይዞ መድረክ ወጣ፤ ከዚያ ግን ጃማይካን ለቆ ሎንዶን ተሰደደ። ኤክሶደስን እዚያ ሠራ። ሲመለስ፣ በኤፕሪል 1978 መድረክ ላይ የሁለቱን ተቀናቃኝ መሪዎች፣ የማንሊንና የሲያጋን እጅ አያይዞ ወደ ላይ ከፍ አደረገ።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ኢትዮጵያ ገባ። ደርግ ሥልጣን ላይ ነው፤ ጃንሆይን ማንሳት ወንጀል ነው። ወዳጁ አለን ኮል በዚያ ወቅት አዲስ አበባ የአየር መንገድን የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጥን ነበር። ቦብ ሻሸመኔ ወርዶ ጃንሆይ ከአፍሪካ ውጭ ለሚኖሩ ጥቁሮች የሰጡትን 5 ጋሻ መሬትና በዚያ የሰፈሩትን ወገኖቹን አየ። በ1966 እንግዳው ወደ አገሩ ሲመጡ ያልነበረው ሰው፣ እሱ ወደ እንግዳው አገር ሲመጣ ደግሞ እሳቸው አልነበሩም።

ኤፕሪል 1980 ዚምባብዌ ነፃ ስትወጣ በሩፋሮ ስታዲየም ዘፈነ። መሣሪያውን በአውሮፕላን ያስጫነው በራሱ ወጪ ነው። የሰው ባለዕዳ የሆነ ዘፋኝ ይህን ማድረግ አይችልም፤ እኔ የታፍ ጎንግን ትርጉም የማየው እዚህ ላይ ነው። ያ ከዴላዌር ፋብሪካ የጀመረው ገንዘብ፣ አሥራ አራት ዓመት ዞሮ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ለአንድ አዲስ የአፍሪካ አገር ልደት ዋለ።

በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ላይ የቆዳ ካንሰር ተገኝቶበት ነበር። በሴፕቴምበር 1980 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ፒትስበርግ ላይ የመጨረሻውን ኮንሰርት አቀረበ። በኖቬምበር በብፁዕ አቡነ ይስሐቅ እጅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ጀርመን ታክሞ አልዳነም፤ ሜይ 11 ቀን 1981 ማያሚ ላይ በ36 ዓመቱ ዐረፈ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ጸሎት ተደርሶለት በተወለደባት በናይን ማይል ተቀበረ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ዕድሜውን በሙሉ የዘፈኑ ባለቤት ለመሆን የደከመው ሰው የሞተው ኑዛዜ ሳይተው ነው። ሚስት፣ ከተለያዩ እናቶች የተወለዱ ልጆች፣ አሳታሚዎች፣ የባንዱ አባላት፣ ሁሉም ፍርድ ቤት ተገናኙ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ካርልተን ባሬትና ፒተር ቶሽ ሁለቱም በ1987 ተገደሉ። አስተን ባሬት ድርሻዬ ይሰጠኝ ብሎ በ2006 ሎንዶን ላይ ተከራክሮ ተረታ፤ በ2024 ዐረፈ። ባኒ ከሦስቱ የመጨረሻው ሆኖ በ2021 አለፈ። በ1984 የወጣው ሌጀንድ የተባለው የዘፈኖቹ ስብስብ ግን ከ25 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ቦብ አንዱንም አላየው።

ስለዚህ ለእኔ የዌይለርስ ታሪክ የድልም የሽንፈትም ብቻ አይደለም። የራስ ጌታ መሆን እንደ ቤት ዕቃ አንዴ ተገዝቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ እንደ ኪራይ በየወሩ የሚከፈል ነው። እነሱ አንዴ በፋብሪካ ላብ፣ አንዴ በጓደኝነት፣ አንዴ የገዛ ስማቸውን በመደበቅ ከፈሉት። አንድ ነገር ብቻ ሳይከፍሉ ቀሩ፦ ቁጭ ብሎ፣ ወረቀት አውጥቶ፣ ይህ የእገሌ ነው ብሎ መጻፍ።

እኛ አበሾች ወረቀት ላይ መፈራረምን በወዳጅ መካከል እንደ ነውር እናየዋለን፤ ኑዛዜ መጻፍ ደግሞ ሞትን እንደመጥራት። ኒውዋርክ የነበረው የክራይስለር ፋብሪካ በ2008 መጨረሻ ተዘግቷል፤ ቦታውንም የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ገዝቶታል። በየከተማው ያሉት ሌሎቹ የማታ ፈረቃዎች ግን ዛሬም ወገን እንደሞላባቸው ናቸው። ከእናንተ መካከል በዚያ ላብ ገንዘብ እየቋጠረ፣ ከጓደኞቹ ጋር ባንድም ይሁን ምግብ ቤት ወይም ሌላ የጋራ ሥራ ለመክፈት ያሰበ ካለ፣ መጀመሪያ ድርሻችሁን በወረቀት አስፍሩት። ፍቅራችሁ አይቀንስም። ቢቀንስ እንኳ፣ ልጆቻችሁ በየፍርድ ቤቱ አይንከራተቱም።